ከጥዱ ሥር የቆሙ ሸክላዎች

ደሴ በሚገኘው ግቢያችን ምሥራቃዊ ጥግ ላይ አባቴ ቤቱን በሠሩበት ዓመት የተከሉት አንድ የሐበሻ ጥድ አለ። ዛሬ ግንዱን አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ አቅፎ አይጨርሰውም፤ ቅርንጫፎቹም ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ወጥተው ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ድረስ ያለውን መሬት አጥልተውታል። እናቴ በሕይወት ሳለች ቡና የምታፈላው እዚያ ነበር። ረከቦቱ የሚቀመጥበትና ቀጠማው የሚጎዘጎዝበት ቦታ ሁልጊዜ ንጹሕ ቢሆንም፣ ዙሪያው ግን ከደረቀ የጥድ ርጋፊና ከመሬት በላይ ከተጋለጠ ሥር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረውም። ቤቱ በእኔ እጅ ከገባ በኋላ ያንን ቦታ ለምለም ለማድረግ አራት ዓመት ያህል ደክሜበታለሁ። ጽጌረዳ ተከልሁ፤ እየቀጨጨ ሄዶ በሦስተኛው ወር ደረቀ። ሣር አስመጣሁ፤ አንድ ክረምት ብቻ ቆየ። ከጎረቤት የተሰጠኝን ጤና አዳም ሳይቀር ተከልሁ፤ ጤና አዳም ፀሐይ የሚወድ ተክል መሆኑን ያኔ አላሰብሁትም ነበር። በመጨረሻም ቦታው ጥላ ስለሆነ ምንም አይበቅልበትም ብዬ ተውሁት።

ስሕተቴን የተረዳሁት በአንድ የነሐሴ ቀን ነው። ለልብስ ማስጫ የሚሆን እንጨት ላቆም ከጥዱ ሥር መሬቱን ስቆፍር፣ ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወርደው ከርሞ፣ ግቢው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ከአንድ ስንዝር በታች ያለው አፈር እንደ ዱቄት የደረቀ ሆኖ አገኘሁት። ከእጅ ጣት የቀጠኑ፣ እንደ ስፌት የተጠላለፉ ቀያይ ሥሮች አካፋውን አላስገባ አሉት። ከላይ ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ዝናቡን ጠልፎ ያስቀረዋል፤ አልፎ የሚወርደውንም ጠብታ ሥሮቹ ተሻምተው ይጨርሱታል። ለካ እነዚያ ተክሎች ሁሉ የሞቱብኝ በፀሐይ እጦት ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም በውሃ ጥም ኖሯል። በዚያው ሰሞን ደግሞ በረንዳው ቀለም ይቀባ ስለነበር፣ በቀለም ጣሳ የተተከለ አንድ ፈርን (ቅጠሉ የተዘነጣጠለ የጥላ ተክል) ለጊዜው ከጥዱ ሥር አስቀምጬ ረስቼው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ላነሣው ስሄድ በረንዳው ላይ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ አረንጓዴነቱ ጠልቆ፣ አዳዲስ ቅጠሎቹ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጠቅልለው ከመሐሉ ሲወጡ አየሁ። ጥላው ተስማምቶታል፤ የራሱ አፈር ስላለው ደግሞ ከጥዱ ጋር የሚሻማው ነገር አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጥዱ ሥር መሬት ቆፍሬ አንድም ተክል አልተከልሁም። ሁሉንም በሸክላ ተክዬ አስቀምጣለሁ፤ ይህ ጽሑፍም ስለ እነዚያ ሸክላዎችና በውስጣቸው ከዓመት ዓመት ስለሚዘልቁት ዕፅዋት ነው።

ስለ ደሴ ጥላ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም በውጭ አገር የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ስለ ጥላ የሚሉት ነገር በቀጥታ ለእኛ አይሠራም። እነርሱ የቤቱ ሰሜናዊ ጎን ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ይላሉ። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚያዝያ አንዴ በነሐሴ፣ በቀትር ከአናታችን በላይ ታልፋለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል። ስለዚህ በበጋ የሰሜኑ ግድግዳ ሥር ቀዝቃዛ ጥላ ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ ደመናው ገና ሳይከብድ፣ ያው ግድግዳ ቅጠል የሚያቃጥል ፀሐይ ያገኛል። መሬት ላይ የተተከለ ነገር ይህን መለዋወጥ መሸሽ አይችልም። ሸክላን ግን አንሥቶ ወደ ሌላው ጎን ማዞር ይቻላል፤ እኔም በየዓመቱ ከሁለተኛው የሚያዝያ ሳምንት በፊት በሰሜኑ በኩል ያሉትን አነሣቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ከተማችን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች በመሆኗ፣ ከጦሳ ግርጌ ያለን ሰዎች የማታ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቅብናለች። ጠዋት ጥዱ ይከልላል፤ ከሰዓት በኋላ ተራራው ይከልላል። በመካከሉ በቅርንጫፎቹ መሐል ተሰባብሮ የሚወርድ ብርሃን አለ፤ በእኔ ግቢ ጥላ የምለው ይህንን ነው። ድቅድቅ ያለ፣ መጽሐፍ የማያስነብብ ጨለማ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ አበባ ለማቆየት መሞከር ተክሉን ማሰቃየት ይመስለኛል።

በዚህ ቦታ ካሉኝ ዕፅዋት ሁሉ የማስቀድመው እንሶስላን ነው። ብዙ ሰው እንሶስላን የሚያውቀው በሴቶች እጅና እግር ላይ ባለው ቀይ ቀለም ነው። እናቴ ሠርግ ወይም በዓል ሲቀርብ ድንች የመሰለውን ሥሩን ቆፍራ፣ አጥባና ወቅጣ፣ በእኅቶቼ ጣቶችና መዳፍ ላይ አድርጋ በጨርቅ ጠቅልላ ታሳድራቸው ነበር፤ ጠዋት ሲፈታ የጣቶቻቸው ቀለም የበሰለ እንጆሪ ይመስል ነበር። ተክሉ ግን በራሱ የሚታይ ውበት እንዳለው የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። እንሶስላ የአገራችን የደጋ ጫካ ተወላጅ ነው፤ በተፈጥሮው የሚበቅለው በእርጥብ ጥላ፣ በጅረት ዳርና በዛፎች ሥር ነው። ግንዱ ውሃ የሞላው፣ ለስላሳና ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ ነው፤ ተመችቶት ሲያድግ ከሰው ቁመት ይስተካከላል። አበባው ነጭና ሰፊ ሆኖ ጉሮሮው ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለም የተረጨበት ይመስላል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ጭራ የተንጠለጠለ ረጅም ቀጭን የማር ቱቦ አለው። ሲመሽ ሽታው ይበረታል፤ ምክንያቱም አበባው የሚጠብቀው በሌሊት የሚመጡትን ምላሰ ረጅም የእሳት እራቶች ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ኢምፓሽየንስ ቲንክቶሪያ ይሉታል፤ የመጀመሪያው ቃል በላቲን ትዕግሥት የሌለው ማለት ሲሆን የተሰጠውም ፍሬው ሲበስል በትንሽ ንክኪ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን ነው፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ የማቅለሚያ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህንን ተክል እንደ ብርቅ አበባ በአትክልት ቦታቸው እንደሚያሳድጉት ሳውቅ፣ እኛ ሥሩን ብቻ ስንፈልግ አበባውን ዘንግተነው እንደኖርን ተሰማኝና እጅግ ቆጨኝ።

እንሶስላ በሸክላ ሲሆን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እንቅልፉን ማክበር። ከጥቅምት በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ቅጠሉ ይወይባል፤ ግንዱም ከመሠረቱ ይልምና ይወድቃል። በመጀመሪያው ዓመት የሞተ መስሎኝ ውሃ ጨመርሁበት፤ ሥሩ በስብሶ ሸተተ። አሁን ግንዱ ሲወድቅ ውሃውን ጨርሼ አቆምና ሸክላውን በጎኑ አጋድሜ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ውርጭ የማያገኘው ቦታ ላይ አሳድረዋለሁ። የበልግ ዝናብ ከጀመረ በኋላ አቃንቼ በጥቂቱ አርሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በትዕግሥት መጠበቅ ብቻ ነው። አንዳንዱ በመጋቢት ብቅ ይላል፤ አንዳንዱ እስከ ግንቦት ድረስ ዝም ይላል። ባዶ የሚመስለውን ሸክላ ማንም ሰው ለሌላ ነገር እንዳይወስደው በላዩ ላይ አንድ ነጭ ጠጠር አኖራለሁ፤ የቤቴ ሰዎች ሁሉ ይህንን ምልክት ያውቁታል።

ሁለተኛው ካላ ነው። ይህ ነጭ፣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ አበባ ያለው ተክል በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የኢትዮጵያ የሚል ቃል ስላለበት ብዙዎች የእኛ ነው ብለው ይኮራሉ። እውነቱን ለመናገር ተክሉ የደቡባዊ አፍሪካ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስም ሲያወጣለት ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል የተጠቀመበት በጥንቱ የአውሮፓውያን ልማድ ሲሆን፣ በዚያ ልማድ ቃሉ ከእኛ አገር አልፎ የሩቁን አፍሪካ ሁሉ ይጠራበት ነበር። ያም ሆነ ይህ የደሴን አየር እንደ አገሩ ወዶታል። ውሃ ይወዳል፤ ከሌሎቹ በተለየ ሸክላው ከሥሩ ውሃ በያዘ ሳሕን ውስጥ ቢቀመጥ እንኳን አይከፋውም። የሚጎዳው ቀንድ አውጣ ነው። በክረምት ማታ ማታ ባትሪ ይዤ እየወጣሁ ከቅጠሉ ሥር እለቅማለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። የካላ ፈሳሽ አፍንና ጉሮሮን ክፉኛ የሚያቃጥል ስለሆነ፣ ሕፃን ልጅና ፍየል በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ሳላስገነዝብ አላልፍም። ቀጥዬ የማነሣው ክሊቪያም ቢበላ መርዛማ ነው።

ክሊቪያ ከሁሉም ይልቅ ለጥላ የተፈጠረች ናት ብዬ አምናለሁ። እርሷም ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት፤ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1828 ከአንዲት የእንግሊዝ መኳንንት ወይዘሮ ቤተሰብ ስም ነው። ቅጠሎቿ እንደ ቀበቶ ረዘም ብለው በሁለት ወገን ተደርድረው ይወጣሉ፤ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉም አይረግፉም። ከቅጠሎቹ መሐል ወፍራም አገዳ ወጥቶ ብርቱካንማ አበባዎችን በአንድ እቅፍ ይይዛል። ይህን እቅፍ ለማየት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ጠበብ ያለ ሸክላ ነው፤ ሥሯ ሲጨናነቅ ይበልጥ ታብባለችና። ሁለተኛው ቀዝቃዛና ደረቅ የዕረፍት ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች ክሊቪያችን አላበበችም ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ሲጠየቁ ግን ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ያጠጧታል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደሴ ብርድ፣ ለእኛ ጋቢ የሚያስደርበን፣ ለእርሷ አበባ የሚያስቋጥራት ነው። እኔ በእነዚያ ወራት በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ ውሃ አጠጣታለሁ፤ በየካቲት እንቡጡ በቅጠሎቹ መሐል ብቅ ሲል ውሃውን እጨምራለሁ። እንቡጡ ሳይወጣ ውሃ የጨመርሁባት ዓመት አገዳው አጥሮ፣ አበባዋ በቅጠሎቿ መሐል ተሸጉጦ ቀረ።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሣ። ፈርን የማይጠፋ ጓደኛ ነው፤ እርጥበት እስካላጣ ድረስ ሌላ አይጠይቅም። ልጆቿን በረጅም ክር ቁልቁል የምታንጠለጥለው፣ ቅጠሏ በነጭ መስመር የተሰነጠቀው ስፓይደር ፕላንት ከጨለማው ውስጥ ብርሃን ታመጣለች። ዳማከሴ ለምች የምንቀጥፈው ቢሆንም፣ ከፊል ጥላ ሲያገኝ ቅጠሉ ሰፍቶ ለዓይን የሚያምር ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ሽታውም ለቡና ከሚቀመጥ እንግዳ አጠገብ ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ ሸክላው ልምጣ። በሰኞ ገበያ ማሰሮና እንስራ ይዘው ከሚቀመጡት ሴቶች መካከል አንዲት አዛውንት አሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ መሐከለኛ ማሰሮዎች አፋቸው ሰፋ ተደርጎ፣ ከሥራቸው ደግሞ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተበጅቶላቸው እንዲሠሩልኝ ስጠይቃቸው ሥራቸውን አቁመው ትክ ብለው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ማሰሮው ሲቀደድበት ያዝናል፤ አንቱ ገና ሳይሠራ ይበሱልኝ ይላሉ?»

«አበባ ልተክልበት ነው፣ እማማ። ውሃው መውጫ ካላገኘ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«እንዲያ ከሆነማ ሳይተኮስ ነው መበሳት ያለበት። ከተተኮሰ በኋላ ልብሳው ቢሉ ለሁለት ይከፈላል።»

እውነታቸውን ነበር፤ ከዚያ በፊት የተተኮሱ ሦስት ማሰሮዎችን በምስማር ለመብሳት ሞክሬ ሦስቱንም ሰንጥቄያቸዋለሁ። እኚህ እናት በየዓመቱ ስድስት ሰባት ማሰሮ ይሠሩልኛል፤ አሁን ራሳቸው ጨምረው በግርጌው ሦስት ትናንሽ እግሮች ያወጡለታል፤ በክረምት ማሰሮው ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳው እንዳይደፈን ማለት ነው። የሸክላ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ውሃውን በዝግታ ወደ ውጭ እያወጣ ሥሩን ያቀዘቅዛል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ለክሊቪያና ለእንሶስላ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለፈርንና ለካላ ግን ሸክላው ቶሎ ይደርቅባቸዋል፤ ስለዚህ እነርሱን የምተክለው ከአንገቱ በተቆረጠና ከሥሩ በተበሳ የዘይት ጄሪካን ውስጥ ሲሆን፣ ጄሪካኑ እንዳይታይ በሰፊ ማሰሮ ውስጥ እሰውረዋለሁ።

ከሸክላው ሥር ጠጠር መሙላት የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ አደርገው ነበር። ነገር ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ጠጠሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ማቅረብና የሥሩን ቦታ ማጥበብ ብቻ ነው። አሁን ቀዳዳው ላይ አንድ ገል ብቻ ደፍቼ፣ ከዚያ በላይ ያለውን በሙሉ አፈር እሞላዋለሁ። አፈሩም ሁለት እጅ ቦረቦር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ዋልካ አፈር በሸክላ ውስጥ አይሆንም፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከሸክላው ግድግዳ ተለይቶ ይሰነጠቃልና የምናጠጣው ውሃ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና ዛሬም የምማረው ነገር አቀማመጡ ነው። በመጀመሪያ ሸክላዎቹን እንደ ወታደር በአንድ መስመር በግድግዳው ሥር ደረደርኋቸው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ቢያምርም ሁሉም በአንድነት ግን ገበያ ላይ ለሽያጭ የቀረቡ ይመስሉ ነበር። በአንድ ሸክላ ውስጥ ሦስት አራት ዓይነት አብሬ የተከልሁበት ጊዜም አለ፤ ካላው ውሃ ሲጠይቅ ክሊቪያዋ ውሃ በቃኝ ስትል፣ አንዱን ሳስደስት ሌላውን አከፋሁ። አሁን ለአንድ ተክል አንድ ሸክላ ነው፤ ጉርብትናውን የምፈጥረው ሸክላዎቹን በማቀራረብ ነው። ይህ ዘዴ ያመጣው ትልቁ ነፃነት ጊዜው የደረሰውን ወደ ፊት፣ የሚያርፈውን ወደ ኋላ ማድረግ መቻሉ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ክሊቪያ ከፊት ትቆማለች፤ እንሶስላው ያኔ ከክፈፉ ሥር ተኝቷል። በክረምት እንሶስላው ከኋላ ረጅም ሆኖ ሲቆም ፈርኑ ከሥሩ ይዘረጋል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ስለሚተካው ቦታው ባዶ የሚሆንበት ወር የለም።

የአበባ ዕድሜ ሳምንታት ብቻ ነው፤ ቅጠል ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮን ይኖራል። ስለዚህ ስመድብ መጀመሪያ የማየው ቅጠሉን ነው። ሰፊውን የካላ ቅጠል ከተዘነጣጠለው የፈርን ቅጠል ጎን፣ ቀጥ ያለውን የክሊቪያ ቅጠል ከሚንጠለጠለው የስፓይደር ፕላንት ጎን አደርጋለሁ፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ቅጠሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርስ ይደባበቃሉ። ሁሉም በአንድ ከፍታ እንዳይሆኑ የእናቴን የተሰነጠቀ ሙቀጫ ደፍቼ ከኋላ አስቀመጥሁት፤ በእርሱ ላይ የቆመው ክሊቪያ ከሌሎቹ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ከአሮጌ ባሕር ዛፍ የተቆረጡ ሁለት ጉማጆችም አሉ። የግድግዳውን ፊት በየዓመቱ ለመስቀል ኖራ እቀባዋለሁ፤ ነጩ ግድግዳ የሚያገኘውን ጥቂት ብርሃን መልሶ ወደ ቅጠሎቹ ይረጨዋል። ይህን ያደረግሁበት የመጀመሪያ ዓመት ከግድግዳው ወደ ጥዱ ብቻ ያዘነብሉ የነበሩት ተክሎች ቀጥ ብለው ማደግ ጀመሩ። ሲመሽ፣ ጦሳ ፀሐይዋን ከጋረደ በኋላ፣ ቀዩ አበባ ቀድሞ ይጠፋል። ነጩ ካላ፣ ነጩ የእንሶስላ አበባና የስፓይደር ፕላንት ነጭ መስመሮች ግን መብራት እስኪበራ ድረስ ይታያሉ። ቡና የሚጠጣው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነጭ አበባን አብዝቻለሁ።

ስለ እነዚህ ተክሎች ጽናት ያወቅሁት ግን በአንድ ክፉ ወቅት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ፣ እንደ ብዙው የከተማ ሰው እኛም የያዝነውን ይዘን ወጣን፤ ደብረ ብርሃን ዘመድ ዘንድ ቆየን። ስንወጣ ያጠጣኋቸው አልነበረም፤ ማንም ስለ አበባ የሚያስብበት ሰዓት አልነበረም። ወደ ሰባት ሳምንት ገደማ ቆይተን በታኅሣሥ ስንመለስ ከቤቱ ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር። ስለ እርሱ እዚህ አልጽፍም። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጥዱ ሥር ሄድሁ። በትናንሽ ሸክላዎች የነበሩት ፈርኖች ሁሉ በእጅ ሲነኩ እንደ ጢስ ቅጠል የሚፈረፈሩ ሆነው ነበር፤ በጄሪካን ውስጥ የነበረው አንዱ ግን ከመሐሉ ሁለት አረንጓዴ ቅጠል ይዞ ጠበቀኝ። የካላው ቅጠል ሁሉ ወድቋል፤ አፈሩን ሳገላብጠው ሥሩ ጠንካራና እርጥብ ነበር። ስፓይደር ፕላንቷ ወፍራም ነጫጭ ሥሮቿ ውስጥ ባጠራቀመችው ውሃ ቆይታለች። ክሊቪያዎቹ አቧራ ለብሰው ነበር እንጂ አንድም ቅጠል አላጡም፤ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ስጠርጋቸው አረንጓዴነታቸው ወጣ። እንዲያውም በዚያ ዓመት ያለ ማንም እጅ ፍጹም የሆነ ደረቅ ዕረፍት ስላገኙ ይመስለኛል፣ በየካቲት ከምንጊዜውም በላይ አበቡ። እንሶስላው ስንወጣ ወይቦ ነበር፤ ስንመለስ ተኝቶ አገኘሁት። በጎኑ ያጋደመለት ሰው ባይኖርም ዝናብ ስላልነበረ አልበሰበሰም፤ ነጩም ጠጠር በቦታው ነበር።

እኅቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ማለት ነው፤ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ ሙቀቱም በአማካይ በአራት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከእኔ የወሰደቻቸው ተክሎች በእርሷ ግቢ ሌላ ጠባይ አወጡ። ፈርኗ ከእኔው ሁለት እጥፍ ያህላል፤ ውርጭ የሚባል ነገር አያውቀውም። ካላዋ ግን በበጋ ትደክማለች፤ ቀን በሙሉ ጥላ ብታገኝም አየሩ ሞቃት ነው። እንሶስላዋ ደግሞ ቅጠሉ ይጠወልግና ቀትር ላይ የታመመ ይመስላል፤ ማታ ይነሣል። «እናንተ ብርድ አላችሁ፤ እኛ ደግሞ በረንዳ አለን» እያለች ሸክላዎቿን በሁለት ሁለት ከበረንዳዋ ውስጥ አስገብታቸዋለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ ስትመጣ አንድ ሸክላ ይዛ ትመለሳለች፤ በምትኩ ከፈርኗ ቆርጣ ታመጣልኛለች፤ በጄሪካን ከተረፈው አንዱ በቀር ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ያሉኝ ፈርኖች ሁሉ ከእርሷ የመጡ ናቸው።

ባለፈው መስከረም አብረን ትልቁን ክሊቪያ ከፈልን። ስድስት ዓመት ሳይነካ የቆየ ስለነበር ሸክላው ሥሩን መያዝ አቅቶት ከአፉ እስከ ግርጌው ተሰንጥቋል። ሸክላውን በመዶሻ ቀስ ብለን ከፈለቅነው በኋላ አፈር የሚባል ነገር አልቀረም ማለት ይቻላል፤ የሸክላውን ቅርጽ እንደ ያዘ የቆመ፣ እንደ ሕፃን ጣት የወፈሩ ነጫጭ ሥሮች ብቻ ነበሩ። በቢላ ከመቁረጥ ይልቅ በውሃ እያራስን በጣት ማላቀቅን መረጥን፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አራት ልጆች ወጡ። የተላጡትን ሥሮች ሳናጠጣ ለጥቂት ቀን አቆየናቸው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ውሃ ከነካው ይበሰብሳልና። ከአራቱ አንዱን እኅቴ ወሰደች፤ አንዱን ለሸክላ ሠሪዋ እናት ሰጠኋቸው፤ ሁለቱ እኔ ዘንድ ናቸው። የተሰነጠቀው ሸክላ ስብርባሪ ለአሥር ዓመት የሚበቃኝ ገል ሆነልኝ።

በዚህ ዓመት የበልጉ ነፋስ ከጥዱ አንዱን ትልቅ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ጣለው። ቅርንጫፉ በነበረበት በኩል አሁን የጠዋት ፀሐይ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ በቀጥታ ትገባለች። ክሊቪያዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቅጠላቸው ላይ የነጣ የቃጠሎ ምልክት አወጡ። ትናንት ሙሉውን ቀን ከዳማከሴው ሌላ ያሉትን ሃያ ሦስት ሸክላዎች፣ ሙቀጫውንና ጉማጆቹን ጨምሮ፣ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ግድግዳው አቀረብኋቸው፤ ፀሐይ በምትደርስበት ቦታ ዳማከሴውን ብቻ ተውሁት። የቀድሞ ቦታቸው ላይ፣ በጥድ ርጋፊው መካከል፣ ሃያ ሦስት ክብ ምልክቶች ቀርተዋል፤ ዛሬ ጠዋት ሳጠጣ በልማዴ ሁለቱ ላይ ውሃ አፈሰስሁባቸው።